ከቀለሙ ሥር

ጋሪው ድልድዩን ተሻግሮ ወደ ምሽጉ ዳገት ሲታጠፍ የኋላ ጎማው ጉድጓድ ገባና፣ ሥዕሉ የታሸገበት ሣጥን ተንሸራቶ ሁሉም «ጆሮ» የሚለውን ሰው ደረት መታው። ጆሮ ሣጥኑን እንደ ሕፃን ልጅ አቀፈው። ክዳኑ ላይ ያለው የዳኛው ቀይ የሰም ማኅተም ከተሰነጠቀ ተጠያቂው እሱ እንደሆነ ገና ከከተማ ሲነሡ ተነግሮታል።

«ቀስ በል እንጂ!» አለ ከጎን በፈረስ የሚሄደው መቶ አለቃ፣ ጋሪ ነጂውን። ከዚያ ወደ ጆሮ ጎንበስ ብሎ፣ «ተጎዳህ እንዴ፣ ሰዓሊው?»

«ኧረ ደህና ነኝ፣ መቶ አለቃ። ሰዓሊው ግን እኔ አይደለሁም። ሰዓሊው ጌታዬ ናቸው፣ ፊት ባለው ሠረገላ ያሉት። እኔ ረዳታቸው ነኝ።»

«ምኑን ነው የምትረዳቸው?»

«ጆሮና እጅ።»

መቶ አለቃው የተቀለደበት መስሎት ፊቱን አጠቆረ። ቀልድ ግን አልነበረም። በቤተ መንግሥቱ የሥዕል ቤት ሥራው የተከፋፈለ ነው። አንዱ ልብስ ይሠራል፣ አንዱ ከጀርባ ያለውን መጋረጃና ሰማይ ይቀባል፣ ፊቱን ዋናው ሰዓሊ ራሳቸው ይሥላሉ። ጆሮና እጅ ላለፉት ሃያ ስድስት ዓመታት የዚህ ሰው ድርሻ ነበር። በአሥራ አራት ዓመቱ ሲገባ እናቱ ያወጣችለት ስም ነበረው፤ አሁን ስሙን የምታስታውሰው ሚስቱ ብቻ ናት፣ እሷም ስትቆጣ ነው። ለሌላው ሁሉ ጆሮ ነው። ከኋላው ሲያሙት «ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው» እያሉ ይሣሣቃሉ። እሱ ግን ሁሉንም ይሰማ ነበር።

ደግሞስ ምን ብለው ነው የሚያሙት? እውነቱን ነዋ። ጆሮ የሚሥለው ጆሮ የራሱ አልነበረም። ከሱ በፊት የነበረ፣ ማን እንደሆነ እንኳ የተረሳ ሰው በስስ ቆዳ ላይ የነደፈው አንድ ጆሮ አለ። ቆዳው በመስመሩ ላይ ሁሉ በመርፌ ተበሳስቷል። ሸራው ላይ ይለጠፋል፣ በጨርቅ የተቋጠረ የከሰል ዱቄት መታ መታ ይደረግበታል፣ ቆዳው ሲነሣ ነጠብጣቡ ይቀራል፤ ከዚያ ቀለም መቀባት ነው። ለእጅም አራት ቆዳዎች አሉ፤ ሰይፍ የያዘ፣ ወረቀት የያዘ፣ ደረት ላይ ያረፈና ጭን ላይ ያረፈ። በዚህ የተነሣ የአገሩ መኳንንት ሁሉ በሥዕል ላይ አንድ ዓይነት ጆሮ ነበራቸው፣ የአንድ እናት ልጆች ይመስል። ማንም ልብ ብሎት አያውቅም። ሰው ሥዕል ፊት ሲቆም የሚያየው ዐይንን ነው።

ሚስቱ ጎረቤት በጠየቃት ቁጥር «ባለቤቴ ሰዓሊ ነው» ትላለች። እሱ ደግሞ በሰማ ቁጥር ይበሳጫል።

«ሰዓሊ አትበይኝ ብዬሻለሁ።»

«ታዲያ ምን ልበላቸው? ባሌ ጆሮ ነው ልበል?»

«ቀለም ቤት ይሠራል በይ። አይበቃም?»

«ሰውነትህ ቀለም ቀለም እየሸተተ፣ አንሶላዬ ሁሉ ሰማያዊ ሆኖ! ይሄን ስም ለማን ልታወርሰው ነው የምታስቀምጠው?»

«ሰዓሊ» የሚለው ስም የሌላ ሰው ንብረት ይመስለዋል። ሰርቆ እንደ ለበሰው ካፖርት፣ አንድ ቀን ባለቤቱ መንገድ ላይ አግኝቶ «አውልቅ!» የሚለው እየመሰለው ይፈራል።

«ለመሆኑ፣ መቶ አለቃ፣ የተያዘው ሰውዬ እውነት በሥዕሉ ላይ ያለው ሰው ነው?» ሲል ጠየቀ፣ ጋሪው እንደገና መንገድ ሲይዝ።

በሣጥኑ ውስጥ ያለው ሥዕል የወንዝ ማዶው አገረ ገዢ ነበር። ከአሥራ አንድ ዓመት በፊት፣ ገና የንጉሡ ታማኝ ሳለ የተሣለ ነው። ኋላ ሸፈተ፤ ሦስት ዓመት ተዋጋ፤ ባለፈው ወር ጦሩ ተበተነ።

«የጦር አዛዡ፣ የሸፈተው አገረ ገዢ እሱ ነው ይላሉ። ሰውየው ደግሞ ኮርቻ ሰፊ ነኝ ይላል። ግማሽ ፊቱን እሳት በልቶታል፣ የሽፍታው አሽከሮች ሁሉ ሞተዋል፣ ማን ይለየው? ዳኛው ያለ ማስረጃ ሰው አልሰቅልም ብለው ድርቅ ሲሉ የምሽጉ ሐኪም መላ አመጣ። ፊት ይከሳል፣ ይቃጠላል፣ ይሸበሸባል፤ ጆሮ ግን ከልደት እስከ ሞት መልኩን አይቀይርም አለ። የሰውየው ጆሮና የሥዕሉ ጆሮ ይተያያል። ከተመሳሰለ ነገ ጠዋት ይሰቀላል።»

ጆሮ ሣጥኑን ጠበቅ አድርጎ ያዘ። የመጡት ለፊቱ መስሎት ነበር።

ዳገቱ መሐል ፈረሶቹ ውሃ እንዲጠጡ ሲቆሙ፣ ሣጥኑን ለጋሪ ነጂው አደራ ብሎ ወደ ፊተኛው ሠረገላ ሮጠ። ዋናው ሰዓሊ ብርድ ልብስ ጉልበታቸው ላይ ጥለው ዐይናቸውን ጨፍነዋል። ሰባ ዓመት አልፏቸዋል። በገዛ ገበታቸው አብልተው ያሳደጉት እሳቸው ናቸው።

«ጌታዬ፣ ጆሮውን ነው አሉ የሚያዩት።»

«ሰማሁ።»

«ጆሮው ከቆዳው ነው እኮ።»

«የማውቀውን ምን ትነግረኛለህ?» ዐይናቸውን ገለጡ። «አርባ ሁለት ሥዕል በስሜ ተሰቅሏል። ሰው በቁሙ እንዳለ የሚሥል ተብዬ ነው ኒሻን የተሸለምኩት። ዛሬ ተነሥቼ፣ ጆሯቸው ሁሉ ከአንድ ቁራጭ ቆዳ የወጣ ነው ልበል? ደግሞ ምናልባት አይመሳሰልም፤ ያኔ ሁሉም በሰላም ወደ ቤቱ ይገባል። አፍህን ያዝ፣ ልጄ።»

ልጄ የሚሉት አንድ ነገር ሲፈልጉ ብቻ ነበር። ጆሮን ግን ቃሉ ሁልጊዜ አንጀቱን ይበላው ነበር።

ምሽጉ ሲደርሱ ዋናው ሰዓሊ ወደ እንግዳ ክፍል ተወሰዱ። ጆሮን ከነሣጥኑና ከነመሣሪያ ከረጢቱ ከችሎቱ አጠገብ ባለች ጠባብ ክፍል አስገቡት። እዚያ አግዳሚ ላይ አንድ ሰው በሰንሰለት ታስሮ ተቀምጧል። በሩ ላይ ወታደር ቆሟል። የሰውየው ግራ ጉንጭ በእሳት ተኮማትሯል፤ ቀኝ ጎኑ ደህና ነው። ጆሮ መጀመሪያ ያየው ጆሮውን ነው፣ የሥራ ልማድ። ጫፉ ሳይንጠለጠል ከጉንጩ ጋር ተጣብቆ ወርዷል፣ ልክ እንደ ቆዳው። ከሦስት ሰው የአንዱ ጆሮ እንደዚህ ነው፤ ዳኛው ግን ይህን ከየት ያውቃሉ?

«ያ ገመድ ይላላብሃል» አለ እስረኛው፣ የሣጥኑን ማሰሪያ በአገጩ እያመለከተ። «ጠጋ አርገው ላስተካክልልህ።»

በታሰሩት እጆቹ ቋጠሮውን ፈታና ጆሮ አይቶት በማያውቀው ዓይነት አጥብቆ አሰረው።

«ኮርቻ ሰፊ ነኝ» አለ፣ ሳይጠየቅ። «አባቴም ኮርቻ ሰፊ ነበር። ጦሩ መንደሩን ሲያቃጥል ሱቄ ውስጥ ነበርኩ። ቆዳና መርፌ ስጡኝ፣ ልስፋላችሁና ዐይናችሁ ይመስክር አልኳቸው። ሽፍታም ኮርቻ መስፋት አያቅተውም አሉኝ። አንተስ፣ ወንድሜ፣ ሙያህ ምንድን ነው?»

«እኔ… ቀለም ቤት ነው የምሠራው።»

«ሰዓሊ ነሃ!»

«አይ። እንዲያው እረዳለሁ።»

«ጥፍርህ ውስጥ ያለው ቀለም የአንድ ዓመት አይመስልም።» ሰውየው ራሱን ነቀነቀ። ቂም አልነበረበትም፣ ገርሞት ነው። «እኔ ነኝ ያልኩትን የሚያምነኝ አጥቼ ልሰቀል ነው። አንተን ማን ከለከለህና ነው ነኝ ማለት ያቃተህ?»

ሰውየው ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ሥዕሉ… እኔን ይመስላል?» ሲል ጠየቀ።

ጆሮ የሰውየውን ፊት ላለማየት ወደ ታሰሩት እጆቹ አቀረቀረ። ያኔ ነው የግራ እጁን ትንሽ ጣት ያየው። ቀጥ ያለች ነበረች።

ያ አገረ ገዢ ለመሣል የመጣ ጊዜ፣ ዋናው ሰዓሊ ፊቱን ጨርሰው ለሁለት ቀን ወደ ንጉሡ ተጠርተው ነበር። አገረ ገዢው መጠበቅ ሰልችቶት የግራ እጁን ጓንት አወለቀ፤ ሰው ፊት አያወልቀውም ይባል ነበር። ትንሿ ጣቱ ከመሐሏ ታጥፋ ወደ ቀለበት ጣቱ ዘምማለች። «በልጅነቴ ፈረስ ጥሎኝ ነው። እንዳለች ሣላት» አለው ጆሮን። ጭን ላይ ያረፈው የእጅ ቆዳ አልገጥም አለ። ጆሮ ቆዳውን አስቀመጠ። በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ያለ ቆዳና ያለ ከሰል ነጠብጣብ፣ ሰው እያየ ሣለ። ከጠዋት እስከ ቀትር ከወንበሩ አልተነሣም። በማግስቱ ዋናው ሰዓሊ ተመለሱ። «ይህ ምንድን ነው? መኳንንት ጠማማ ጣት የላቸውም። አቃናት» አሉት። ቀና ያለች ጣት ቀባባት።

አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ፣ ሌሊት እንቅልፍ እንቢ ሲለው፣ የሚጽናናው በዚያች ጣት ነበር። አንድ ቀን እንኳ አይቼ ሥያለሁ ይላል። ለሚስቱም አልነገራት። ነገር ግን አንድ ጥርጣሬ ነበረው። በእውነት በቀለም ሠርቷት ነበር? ወይስ በከሰል ብቻ ነድፎ፣ ጌታው ሲቆጡ በጨርቅ ጠርጎ አጠፋት? በከሰል ከሆነ ከሥሩ ምንም የለም። ነገሩን ደጋግሞ ከማሰቡ ብዛት የቱ የሆነው፣ የቱ የተመኘው እንደሆነ መለየት አቅቶታል።

ችሎቱ ሲጀመር ከሰዓት ሆኗል። ዳኛው ከሲታ፣ ጠርጣራ፣ ዐይናቸው የማያርፍ ሽማግሌ ናቸው። በቀኛቸው የጦር አዛዡ ሰይፋቸውን ጉልበታቸው ላይ አጋድመው ተቀምጠዋል። ከዳኛው ራስ በላይ ግድግዳው ላይ የንጉሡ ሥዕል ተሰቅሏል። ማኅተሙ ተሰበረ፣ ሥዕሉ ቆመ፣ እስረኛውን ከጎኑ አቆሙት። ሐኪሙ በክር ለካ፣ ጠጋ ብሎ አየ፣ ራቅ ብሎ አየ።

«አንድ ነው» አለ። «ጫፉም፣ እጥፋቱም።»

ኮርቻ ሰፊው ወደ ሥዕሉ አንድ እርምጃ ተራመደ። ወታደሮቹ ብብቱን ይዘው አቆሙት።

ዳኛው ወደ ዋናው ሰዓሊ ዞሩ። «ይህ ሥዕል የእርስዎ እጅ ነው?»

«የእኔ ነው፣ ክቡር ዳኛ።»

«ጆሮውን ከሰውየው ላይ አይተው ነው የሣሉት?»

ሽማግሌው ሰዓሊ አንዴ ወደ ጆሮ አዩ። ክፉ ሰው አልነበሩም፤ ፈሪ ናቸው፣ ፈሪ ደግሞ ካፈርኩ አይመልሰኝ ይላል። «ያላየሁትን ሥዬ አላውቅም» አሉ።

ጆሮ መቼ እንደተነሣ አያውቅም። ራሱን ያገኘው ቆሞ ነው።

«ክቡር ዳኛ፣ ያንን ጆሮ የሠራሁት እኔ ነኝ። አይቼም አይደለም።»

«ማነው ይሄ?» አሉ አዛዡ።

«ረዳቴ ነው። ቀለም ይበጠብጥልኛል» አሉ ዋናው ሰዓሊ፣ ሳይዞሩ።

ጆሮ ከከረጢቱ ስሱን ቆዳ አወጣ። ሥዕሉ ላይ አሳረፈው። ቀዳዳዎቹ በጆሮው መስመር ላይ አንድ በአንድ ገቡ። ዳኛው ከወንበራቸው ተነሥተው መጡና በአፍንጫቸው ሊነኩት እስኪደርሱ ጎነበሱ።

«ይህ ቆዳ ከዚህ ሥዕል ተገልብጦ ሊሆን ይችላል» አሉ።

«ይችላል፣ ጌታዬ። ግን መሰላል ቢያመጡልኝ፣ ያም ላይ ይገጥማል።» በጣቱ ከወንበራቸው በላይ አመለከተ።

ሁሉም ቀና ብሎ የንጉሡን ጆሮ አየ። ጫፉ ከጉንጩ ጋር ተጣብቆ ወርዷል። አንድ ወታደር ሳቁን አፍኖ አሳለው። አዛዡ የሰይፋቸውን እጀታ ጨበጡ። በጆሮ የሚፈረድ ከሆነ ማን ማን ሊሰቀል እንደሚችል ለመናገር የደፈረ ግን አልነበረም።

«መሰላል አያስፈልግም» አሉ ዳኛው ቶሎ ብለው። ወንበራቸው ላይ ተመልሰው ተቀመጡ፤ ድምፃቸው ግን አልለሰለሰም። «ጆሮው ማስረጃ አይሆንም። ይህ ሰውየውን ጥፋተኛ አያደርገውም፣ ነፃም አያወጣውም። አዛዡ ዛሬ ጠዋት እሱ ነው ብለው ምለዋል፣ መሐላም በሕግ ማስረጃ ነው፤ የሚያስተባብል ከሌለ በመሐላቸው እፈርዳለሁ። ስለዚህ ንገረኝ። በዚህ ሥዕል ውስጥ እውነት የሆነ ነገር አለ?»

ጆሮ ወደ ሥዕሉ ጠጋ አለ። «አለ መሰለኝ። የግራ እጁ ትንሽ ጣት።» ነገሩን ሁሉ ተናገረ፤ ጓንቱን፣ ፈረሱን፣ ማቃናቱን። ዋናው ሰዓሊ ወለሉን ያያሉ።

«ቀለም በጥባጭ አየሁ ስላለ ነው?» አሉ አዛዡ። «ጌታው ያላየውን እሱ በምን ዐይኑ አየ?»

ዳኛው እጃቸውን አነሡ። «አንተ፣ ሰዓሊ ነህ?»

ሃያ ስድስት ዓመት የሸሸው ጥያቄ እዚህ፣ ሰው በተሰበሰበበት፣ በሰንሰለት የታሰረ ሰው አጠገቡ ቆሞ ጠበቀው። አዎ ቢል ውሸት ይመስለዋል። አይደለሁም ቢል ሰውየው ይሞታል።

«አላውቅም፣ ጌታዬ» አለ። «እግዜር ያውቃል፣ እኔ አላውቅም። ያችን ጣት ግን አይቻታለሁ። ይፍቀዱልኝና ልፋቀው።»

«የቤተ መንግሥት ንብረት ነው። ከሥሩ ምንም ከሌለ ንብረት በማበላሸትና በሐሰት ምስክርነት ትታሰራለህ። ሰውየውም ይሰቀላል።»

«እሺ፣ ጌታዬ።»

ሥዕሉን ጠረጴዛ ላይ አጋደሙለት። ቀለም ማለስለሻውን በጨርቅ ነክሮ ቀና ያለችውን ጣት ማሸት ጀመረ። በምላጭ ስስ ስስ አድርጎ ፋቀ። ቡናማው ሄደ፣ ከዚያ ቀዩ። የጣቲቱ ቅርጽ ሟሟ። ከሥሩ የወጣው ነጭ ነበር፣ የሸራው መነሻ ቀለም፣ ባዶ።

ሰማይ ምድሩ ዞረበት። ከሰል ነበራ! ሕልም ነበራ! አዛዡ ረጅም ትንፋሽ ሲተነፍሱ ሰማ። ከኋላው የኮርቻ ሰፊው ሰንሰለት ተንቀጫቀጨ።

ጆሮ ምላጩን እንደያዘ ቆመ። ከዚያ የራሱን ግራ እጅ ጭኑ ላይ አሳርፎ ትንሿን ጣት አጠፋት። አያት። የታጠፈች ጣት ቀጥ ያለችው ባለችበት አትሆንም። ወደ ውስጥ ትገባለች፣ ከቀለበት ጣቱ አጠገብ፣ አሁን ጥቁር ሱሪ በተቀባበት ቦታ። የተሳሳተ ቦታ ነው የፋቀው። ይህን ለማወቅ ማስታወስ አልበቃውም፣ ማየት ነበረበት።

ጨርቁን እንደገና ነከረ። ጥቁሩ ወፍራም ነበርና ብዙ ጊዜ ወሰደ። መጀመሪያ ቢጫ ነገር ታየ፣ ቀጥሎ የሥጋ መልክ፣ ከዚያ አንድ ጥፍር። ከመሐሏ የተሰበረች፣ ወደ ጎን የዘመመች ትንሽ ጣት ከጥቁሩ ውስጥ ቀስ በቀስ ወጣች።

ጆሮ አያትና ልቡ ተሰበረ። ጥሩ አልነበረችም። አሥራ አንድ ዓመት በልቡ ያሳደጋት ጣት ሕይወት ያላት፣ የምትንቀሳቀስ ነበረች። ይህቺኛዋ ግትር ናት፤ ጥላዋ ተሳስቷል፣ መገጣጠሚያዋ አብጧል። የጀማሪ እጅ። ግን ታጥፋለች። እንዳየው ታጥፋለች።

ዳኛው የእስረኛውን ግራ እጅ ያዙና ከሥዕሉ አጠገብ አሳረፉት። አምስቱም ጣቶች ቀጥ ብለው ተዘረጉ። ሐኪሙን ቀና ብለው አዩት።

«በልጅነት የተሰበረ አጥንት በጉልምስና አይቃናም» አለ ሐኪሙ።

«ሰንሰለቱን ፍቱለት።»

አዛዡ ሰይፋቸውን አንሥተው ወጡ። ኮርቻ ሰፊው ሰንሰለቱ ሲወድቅ እጆቹን አገላብጦ አያቸው። «ኮርቻ ሰፊ ነኝ» አለ፣ ለማንም ሳይሆን፣ እንባው በተቃጠለው ጉንጩ ላይ እየወረደ። «ብያችሁ ነበር። ኮርቻ ሰፊ ነኝ።»

ሰው ሁሉ ሲበተን ዋናው ሰዓሊ ወደ ጠረጴዛው መጡ። ስድብ ወይም እርግማን የጠበቀው ጆሮ ራሱን አቀረቀረ። ሽማግሌው መነጽራቸውን አድርገው ጣቷን ረጅም ጊዜ አዩ።

«መገጣጠሚያዋን አበላሽተሃታል» አሉ።

በሃያ ስድስት ዓመት ውስጥ ነጠብጣቡን ዘለልክ፣ ቀለሙን አቀጠንክ ብለውት ያውቃሉ። እንዲህ ብለውት ግን አያውቁም።

«አውቃለሁ፣ ጌታዬ። ብርሃኑን ከግራ ነው ማምጣት የነበረብኝ። ጅማቱንም አላየሁትም።»

«አላየኸውም» አሉ። መነጽራቸውን አወለቁ። «ነገ ዕቃህን ከሥዕል ቤቱ አውጣ።» ምርኩዛቸውን እየተደገፉ ሄዱ፤ በሩ ጋ ሲደርሱ ወታደሩ ክንዳቸውን ያዘላቸው።

ጆሮ ሥራ አጥቷል፣ ለሚስቱ ምን እንደሚላት አያውቅም፣ እናም አለቀሰ። ሆኖም እያለቀሰ ዐይኑ ከዚያች ካበጠች መገጣጠሚያ አልተነሣም። ቢፈቅዱለት አሁኑኑ እንደገና ይጀምራት ነበር፤ ከጅማቱ።

ጥግ ላይ የተቀመጠው የችሎቱ ጸሐፊ ጉሮሮውን ጠረገ። «ቃልህን በመዝገብ ላስገባ ነው። ስም?»

ስሙን ነገረው፣ እናቱ ያወጣችለትን።

«ሙያ?»

«ሰዓሊ» አለ። ድምፁ ተሰባብሮ ወጣ።

ጸሐፊው ቀና ብሎ እንኳ አላየውም። ብዕሩን ነክሮ ጻፋትና ወደሚቀጥለው መስመር ወረደ።

«ዕድሜ?»